የሞላ ጠመንጃና የቅበላው ዋኔ

የቅዳሜ ትምህርት ቤት ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት «ሰብለ፣ እውነት አንቺ አዳኝ ነሽ?» ብላችሁ ስትስቁብኝ በደንብ ለመመለስ ጊዜ አልነበረኝም። ስለዚህ ዛሬ ጽፌ አመጣሁላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና አንደኛ ዓመቴ ነው፤ አንበሳ አልጣልኩም፣ ጎሽም በዓይኔ አላየሁም። ያደንኩት ሁሉ እዚሁ ለንደን ዳርቻ፣ በአየር ጠመንጃ ነው። ከዚያ ሁሉ መካከል ግን አንዱ አደን የምወደውን ሰው ሊያሳጣኝ ነበር። የምነግራችሁ እሱን ነው።

ጊዜው ባለፈው ዓመት የካቲት መግቢያ፣ ያ ትልቅ በረዶ የጣለ ሳምንት ነው። ታስታውሱታላችሁ፤ ባቡሮች ቆመው፣ ትምህርት ቤታችንም ተዘግቶ፣ የሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ሻጮች ሸራቸው ላይ የተከመረውን በረዶ በመጥረጊያ እንጨት ከታች እየገፉ ሲያራግፉ የነበረ ጊዜ። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ የሁዳዴ ቅበላ ነበር። ሰው ሁሉ ጾሙ ሳይገባ ሥጋውን የሚሰናበትበት ሳምንት።

አብረውኝ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አጎቴ ጋሽ መንገሻ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከአዲስ አበባ በልጅነቴ ስመጣ ተቀብለው ያሳደጉኝ። አገር ቤት ሳሉ ሥራቸው የውጭ አገር አዳኞችን በባሌና በኦሞ በረሃ መምራት ነበር። ዱካ ጎንበስ ብለው አይተው እንስሳው ደክሞት እንደሆነ፣ ውኃ ሊጠጣ እየሄደ ወይም ጠጥቶ እየተመለሰ እንደሆነ ይናገሩ ነበር ይባላል። ለንደን ውስጥ ግን ፓርክ ሮያል፣ አትክልት የሚታሸግበት መጋዘን ነው የሠሩት። ሁለተኛው ኑሩ ነው። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራል፣ ሚኒካብ የሚባለውን ታክሲ ይነዳል። ሙስሊም ነው፤ ከጋሼ ጋር መሟገት እንደ ምግብ ይወዳል።

ጋሼን ከዚያ በረዶ በፊት በነበረው የለንደን በጋ ላይ ስትሮክ መታቸው። ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ሰነፉ። ይሄን ሁላችንም ቀስ በቀስ ለመድነው። ያልለመድነው ምግብ እምቢ ማለታቸውን ነው። አክስቴ እትዬ አበበች፣ የጋሼ ባለቤት፣ ያልሠሩት ነገር የለም። ጋሼ አንድ ጉርሻ ያላምጡና ሳህኑን ቀስ አድርገው ይገፉታል። «አፌ ውስጥ ጭድ ይሆንብኛል፤ አንቺ ምን ታደርጊ» ይላሉ። ሱሪያቸውን በቀበቶ ላይ ቀበቶ ቢያጠብቁትም አልይዝ አለ። ጂፒው፣ የሰፈሩ ሐኪም፣ በየጊዜው ሚዛን ላይ እያወጣቸው ፊቱን ያጠቁር ነበር። እትዬ አበበች ወጥ ቤት ጠርተውኝ በሹክሹክታ፣ «ሁዳዴ እንዲህ እንዳለ ከገባ አለቀልኝ። ይሄ ሰውዬ ታምሜያለሁ ብሎ ጾም አይፈታም። ባዶ ሆዱን ከገባ ለፋሲካ አይደርስልኝም» አሉኝ። እትዬ በቀላሉ የሚያለቅሱ ሰው አይደሉም።

አንድ ነገር ብቻ ከአፋቸው ወጥቶ ነበር። ገና በመከር ወቅት፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ውጭ ውጭውን እያዩ፣ «የቆቅ መረቅ ቢሆን እኮ እበላ ነበር። ከዱር የመጣ። በገዛ እጄ የጣልኩት» አሉ። እኔም ይህችን ይዤ ተነሣሁ።

ቆቅ ግን ለንደን ከየት ይመጣል? ጥንቸል ሞልቷል፣ እኛ ጥንቸል አንበላም። የቀረው ያ ትልቁ የዱር ዋኔ ነው፤ ግራጫ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ያለው፣ የገበሬውን ጎመን የሚጨርሰው። እትዬ መጀመሪያ «ርግብማ አይነካም! መንፈስ ቅዱስ በአምሳሉ የወረደበት!» ብለው ጮኹ። ጋሼ «ይሄ ዋኔ ነው፣ ርግብ አይደለም» አሉ። ቄሱ ተጠየቁ። ቄሱም ዋኔ በኦሪት ለመሥዋዕት ይቀርብ የነበረ ንጹሕ ወፍ ነው ብለው ፈቀዱ። ኑሩ ይህን ሲሰማ፣ «እናንተ ሰዎች አንድ ወፍ ለመብላት ሲኖዶስ ትሰበስባላችሁ» አለን።

ጠመንጃ ልንገዛ የሄድነው ኬንቲሽ ታውን ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከፊት የዓሣ መንጠቆ፣ ከኋላ ጠመንጃ የሚሸጥ ጠባብ ሱቅ አለ። ይሄን ክፍል ረዘም አድርጌ የምነግራችሁ፣ አደኑ የተጀመረው ከዚያ ስለሆነ ነው።

የአየር ጠመንጃ ብዙ ዓይነት ነው። በጠርሙስ የታመቀ አየር የሚሞላ አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ጠርሙሱን የሚሞላላችሁ ሰው ትፈልጋላችሁ። የሞላ ጠመንጃ ግን ራሱን የቻለ ነው። ሆዱ ውስጥ እንደ ፍራሽ ሞላ ያለ፣ ግን ጠንካራ ሞላ አለ። አፈሙዙን በማጠፊያው ላይ ወደ ታች ስታጥፉት ሞላው ይጨመቃል። ቃታውን ስትስቡ ሞላው ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ አየሩን፣ አየሩ ደግሞ ትንሿን የእርሳስ ጥይት። ባሩድ የለውም። ክንድ ካላችሁና የጥይት ቆርቆሮ ከያዛችሁ ይበቃል። ጉልበቱ ሕጉ ከወሰነው ልክ ካላለፈ ያለ ፈቃድ ወረቀት ይገዛል፤ ዕድሜ ግን ይጠይቃሉ፣ እኔ ደግሞ ደርሼ ነበር። በሰው መሬት ላይ ለመተኮስ የባለመሬቱ እሺታ ግድ ነው።

ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ ነበር። ጋሼ በድሮ የአስጎብኚ እንግሊዝኛቸው ሰላምታ ሲሰጡት ደስ አለውና በቀጥታ ትልቁን አወረደ። ከአፈሙዙ ሥር ባለ ማንሻ የሚሳብ፣ ከባድ፣ ሰደፉ የሚያብረቀርቅ። ጋሼ ተቀበሉት። ወደ ጉንጫቸው አስጠጉት። እንደዚያ ቀጥ ብለው ቆመው ከታመሙ ወዲህ አይቻቸው አላውቅም።

ከዚያ ማንሻውን ሊስቡ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። እጁ እስከ ግማሽ ወሰደውና ቆመ። ከንፈራቸውን ነክሰው ገፉት፤ አልሄደም። የተጨመቀ ሞላ ከእጅ ካመለጠ ጣት ይሰብራል፣ ስለዚህ ማንሻውን ቀስ፣ ቀስ አድርገው ወደ ቦታው መለሱት። ሻጩ ዞር ብሎ ንጹሑን መስታወት በጨርቅ ይወለውል ጀመር። እኔ የጫማዬን ክር አየሁ።

ጋሼ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስተኙትና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለእኔ አይደለም የምንገዛው። ለእሷ ነው» አሉ።

እስከዚያች ደቂቃ እንደዚያ አልነበረም። ለእሳቸው ልንገዛ ነበር የመጣነው። ቀና ብዬ ባያቸው፣ ጭራሽ በዓይናቸው እየሳቁ፣ «ምን ታፈጥጫለሽ? ነይ፣ ያዢ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለ ርኅራኄ ፈተኑኝ። አንድ በአንድ ሳብኩ። አንዱን ከሳብኩ በኋላ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ቀይ የዓሣ መንሳፈፊያ እንዳነጣጥር ያዙኛል። አፈሙዙ ከተወዛወዘ «ቀጥይ፣ ሌላ» ነው። ያን ትልቁን በሁለት እጄ ተሟግቼ ሳብኩትና ኮራሁ።

«ይሄ አይሻልም ጋሼ? ኃይለኛው እኮ እሱ ነው።»

«ኃይሉ ለማን ነው? አንዴ ከሳብሽው በኋላ ልብሽ እንደ ከበሮ እየመታ፣ ክንድሽ እየተንቀጠቀጠ ምን ትመቺበታለሽ? ደካማው ጠመንጃ የመታው ወፍ ኃይለኛው ከሳተው ወፍ ይበልጥ ይሞታል።»

በመጨረሻ የመረጥነው መካከለኛውን፣ አፈሙዙ ታጥፎ የሚሳበውን፣ ሌላ ሰው ያገለገለበትን ነው። ሰደፉ እንጨት ነው፣ ማንገቻው ሰፊ ቆዳ። ስስበው ትንፋሼ አልተቆረጠም። ጥይቱ ሃያ ሁለት የሚባለው ሆነ፤ ከትንሿ ይልቅ ይከብዳል፣ ቀስ ብሎ ቢሄድም ሲደርስ ይሰማል። ሻጩ ቴሌስኮፕ ሊጨምርልን ፈልጎ ነበር። የሞላ ጠመንጃ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይራገጣልና ለዚያ ያልተሠራ ቴሌስኮፕ ውስጡ ይበታተናል። ጋሼ «በብረቱ ማነጣጠሪያ ትጀምር፤ በዓይኗ ትልመድ» አሉ። ስለ አያያዙም፣ «አትጨብጪው። ከሰው ክንድ ላይ የተኛ ሕፃን እንደምትቀበዪ ያዢው። ልራገጥ ሲል ተይው፣ ሁሌም አንድ ዓይነት ይራገጥ» አሉኝ። የሞላ ጠመንጃ ሚስጥሩ ይሄው ነው። ጠበቅ አድርጎ የያዘ ይስታል።

መሬቱን ያገኘነው በጋሼ ሥራ ነው። ለመጋዘኑ ጎመን የሚያመጣ ገበሬ ነበር፤ «ባለጎመኑ» ነው የምንለው። እርሻው ከለንደን ምዕራብ ጫፍ፣ ድሮ ጠጠር ሲወጣባቸው የነበሩ ጉድጓዶች ውኃ ሞልተው ትንንሽ ሐይቅ የሆኑበት አካባቢ ነው። ጥንቸሉን ለእሱ፣ ዋኔውን ለእኛ ብለን ተስማማን። በመከሩና በክረምቱ ጥንቸል ብዙ ጣልኩለት። ዋኔ ግን ዓይኑ ሰባት ነው፤ ቀና ስትሉ የለም። ከገና በኋላ ሁለቴ ቀናኝ። ሁለቱም ጊዜ ወፉ ጋ ስንደርስ ሞቷል። ሳይባረክ የሞተ በክት ነው፣ አይበላም። ጋሼ ቢላዋቸውን ወደ ሰገባው እየመለሱ «ሌላ ቀን» ይላሉ፤ ባለጎመኑ ወፏን በደስታ ይወስዳል። እትዬ በር ላይ ቆመው ባዶ እጃችንን ያዩና ወደ ወጥ ቤት ይመለሳሉ።

እንግዲህ የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ሰኞ ጾም ይገባል። ኑሩ «በዚህ በረዶ መኪናዬን አላወጣም፣ ልጆች አሉኝ» አለና ጠዋት በሩ ላይ አካፋ ይዞ ተገኘ። እኔ፣ ጋሼና ጠመንጃው ከኋላ ተቀመጥን። ኑሩ እንደ ቀንድ አውጣ እየነዳ፣ «ቢገኝም እኔ አልበላም፣ ቢላዋው የእናንተ ነው» ይላል። ጋሼ «ማን ጠራህ?» ይሉታል።

ኑሩ መንገዱ ዳር ሞተሩን እያሞቀ ቀረ። እኛ በአጥሩ ቀዳዳ ገባን። ልጆች፣ እንደዚያ ዓይነት ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ነፋስ የለም፤ የእግራችን ድምፅ ብቻ ጭው ባለው ነጭ ላይ። ጋሼ ግራ እግራቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ ከፊት ይሄዳሉ፤ ዱካቸው አንድ ጫማና አንድ ረጅም መስመር ነበር። እሳቸው ግን የሚያዩት ሌላ ነው። በረዶ ላይ ዱካ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ስለሆነ እንደ ሕፃን ተደሰቱ። «እዪ እዪ! ጥንቸል። እዚህ ቆመች፣ ሰማች። ይሄ ደግሞ ቀበሮ ነው፤ አረማመዱ እንዴት ቀጥ እንዳለ። አልቸኮለም። የሚሄድበትን ያውቃል።» ሁለቴ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ሲነሡ ላግዝ ብል እጄን መቱኝ።

ጎመኑ ማሳ ላይ ከበረዶው ወጥቶ የሚታየው የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ነበር፤ ዋኔዎቹ ሌላ የሚበላ አጥተው እዚያ ላይ ፈስሰዋል። ከቁጥቋጦው ሥር በሆዴ ተኛሁ። ጓንቴን አውልቄ ጣቶቼን ብብቴ ውስጥ አሞቅሁ። ጠመንጃውን ሳብኩ፤ አፈሙዙን በግራ እጄ እንደያዝኩ ጥይቱን አስገብቼ ዘጋሁ። ጋሼ ከጎኔ ተንበረከኩ። ከሁሉም ትንሽ ተለይታ አንዷ ወደ እኛ እየለቀመች መጣች። ሕፃኑን እንደመቀበል፣ አልጨበጥኩም። ቃታውን ሳብኩ።

ወፎቹ በአንዴ ተነሡ፤ ክንፋቸው እንደ ጭብጨባ ነው። የእኔዋም ተነሣች። ግን ዝቅ ብላ፣ በአንድ ክንፏ እየታገለች፣ ከአኻያ ዛፎቹ ባሻገር ባለው ሰፊ ነጭ ሜዳ ላይ ወደቀች። ከሩቅ ስትርገበገብ ትታያለች።

«አለች! በሕይወት አለች!» አሉ ጋሼ፤ ቢላዋቸው ወጥቷል። «አንቺ እዚሁ ቆዪ። ይሄ የእኔ ሥራ ነው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሴት አትባርክም። እኔ ልተኩስ፣ ልሮጥ እችላለሁ፤ ቢላዋው ግን የወንድ ነው። ስለዚህ በዚያ ደካማ እግራቸው፣ ወፏ ሳትሞት ለመድረስ፣ ጋሼ መሮጥ ጀመሩ። ሩጫ ከተባለ።

እኔም ጠመንጃውን አንግቼ ቀስ ብዬ ተከተልኩ። አኻያዎቹ ጋ ስደርስ የቀበሮውን ዱካ እንደገና አየሁት። ያ ቀጥ ያለ አረማመድ ሜዳው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ዞሯል። ሜዳውን አላቋረጠም፣ ዳር ዳሩን ዞሮ ሄዷል። ለምን? ሌላው ሜዳ ላይ ከበረዶው የወጣ የሣር ጫፍ አለ፤ እዚህ ላይ ምንም የለም። እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው። ዳሩ ላይ የቆሙት ደግሞ ቄጠማ ናቸው፤ ቄጠማ የሚቆመው ውኃ ዳር ነው።

«ጋሼ! ይቁሙ! ውኃ ነው! ጋሼ!»

ቆሙ። ዞር ብለው አዩኝ። የእኛ ሰው ውኃ በእግር የሚያስኬድ መሬት ሆኖ ያየው የት ነው? እሳቸው ባሌ ላይ፣ ኦሞ ላይ የማያውቁት አደጋ አልነበረም፤ ይሄ ግን አልነበረበትም። ከእግራቸው ሥር የረጋው ውኃ በረጅሙ ተሰነጠቀ፤ የሱፍ ጨርቅ ሲቀደድ ያለ ድምፅ። ከዚያ ጋሼ እስከ ደረታቸው ጠፉ።

ልሮጥ ነበር። «አትሩጪ!» አሉኝ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፣ ልክ ለእንግዳ አዳኝ እንደሚናገሩት ዝግ ያለ ነው። «በሆድሽ ተኚ። እግርሽን ክፈቺ። እንደ እንሽላሊት ነይ።»

በሆዴ ተኛሁ። ከሥሬ የረጋው ውኃ ያቃስታል። ቅዝቃዜው በካፖርቴ አልፎ ሆዴን ያዘኝ። ፊቴን ቀና ሳደርግ ጋሼ በቀኝ ክርናቸው ብቻ የበረዶውን ግግር ተደግፈው ተንጠልጥለዋል፤ ግራ እጃቸው ውኃው ላይ እንደ ባዶ እጅጌ ይንሳፈፋል። ቅድም የተኮስኩት ስለሆነ ጠመንጃው ባዶ ነበር። አፈሙዙን ይዤ ሰደፉን ወደ እሳቸው ገፋሁት። አልደረሰም። ትንሽ ተሳብኩ። ተሰነጠቀ።

«ይበቃል፣ ተመለሺ።»

«አልመለስም።»

«ሰብለ፣ ተመለሺ አልኩ! እናትሽን ምን እላታለሁ?»

«ይያዙት ጋሼ! ማንገቻውን! እጅዎን በማንገቻው ያስገቡ!»

ትንሽ ተሳብኩ። ማንገቻው ወደ እሳቸው ተንሸራተተ። ቀኝ እጃቸውን ከግግሩ ሲያነሡ ለቅጽበት አገጫቸው ውኃ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ክንዳቸው በቆዳው ውስጥ አለፈና በክርናቸው ያዙት። ጎተትኩ። ግግሩ ጠርዙ ላይ ተሰበረ፣ እንደገና ጎተትኩ፣ እንደገና ተሰበረ። «በእግርዎ ይምቱ! እንደ ዋና!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ እሳቸው ዋና አያውቁም። ግን መቱ። ሦስተኛው ጊዜ ጠርዙ ቻለ። ደረታቸው ወጣ፣ ሆዳቸው ወጣ። ምን ያህል ቀላል እንደሆኑ ያኔ ነው ያወቅሁት። ልጅ የምጎትት ነው የመሰለኝ። ሁለታችንም እየተንከባለልን ቄጠማው ጋ ደረስን።

ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ የመጀመሪያ ንግግራቸው፣ «አየሽ… ያልበላሁት ምግብ ሁሉ… ዛሬ ጠቀመን» የሚል ነበር። እኔ ሳልስቅ አለቀስኩ። ካፖርቴን አውልቄ አለበስኳቸው። «እንሂድ፣ ኑሩ ጋ፣ አሁኑኑ!»

አልተነሡም። ወደ ቄጠማው ያያሉ። ወፏ በአንድ ክንፏ እየተንፏቀቀች ዳር ወጥታለች። ደረቷ ይነሣል፣ ይወድቃል። ቢላዋው አሁንም በቀኝ ጣቶቻቸው ውስጥ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ውስጥ አልለቀቁትም፣ ወይም ጣቶቹ መልቀቅ አልቻሉም። ሊጠጉ ሞከሩ፣ እጃቸው በኃይል ተንቀጠቀጠ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጠመንጃ ቤት ውስጥ ማንሻው እምቢ ሲላቸው ያየሁት ፊት ተመለሰ።

ከዚያ ቢላዋውን በእጀታው በኩል ወደ እኔ አዞሩት።

«በይ። ሳትሞት።»

«ጋሼ፣ እኔ ሴት ነኝ።»

«አውቃለሁ፤ ስትወለጂ ነበርኩ። የእኔ እጅ እምቢ አለ፣ የአንቺ ይታዘዛል። እንዲህ እያጣጣረች ትቆይ? በይ ልጄ።»

ተንበረከክሁ። ወፏ እጄ ውስጥ ሙቅ ነበረች፤ በዚያ ሁሉ ብርድ ውስጥ ሙቅ ነገር እሷ ብቻ ነበረች። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ» አልኩ። ጋሼ «አሜን» አሉ። ያደረግሁት ፈጣን ነበር፤ እንዲያ እንዲሆን ጸልዬ ነበር።

ኑሩ ሲያየን ከመኪናው ዘሎ ወጣ። ጋሼን ተሸክሞ አስገባ፣ የራሱን ሹራብ አለበሳቸው፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ለቀቀው። በሩን ከዘጋ በኋላ ግን አልቻለም፤ «ጋሽ መንገሻ፣ ጥምቀት እኮ አልፏል! ዛሬ ነው ብሎ ማን ነገርዎት?» አለ። ጋሼ እየተንቀጠቀጡ ሳቁ። በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሲያሞቁ፣ ሲመረምሩ ዋሉና ማታ ለቀቁልን። ነርሷ በካፖርቴ ኪስ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

እሑድ፣ የቅበላው መጨረሻ፣ እትዬ አበበች ወፏን በፈላ ውኃ ነክረው ላባዋን ይነጫሉ። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ። አንገቷን አዩና እጃቸው ቆመ።

«ማነው የባረካት?»

እኔ ወደ ሽንኩርቴ ጎንበስ አልኩ። ጋሼ ሳሎን ሶፋው ላይ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ነበር። «አዳኟ ናት» አሉ ከዚያው።

«የቷ አዳኝ?»

«እዚህ ቤት ስንት አዳኝ አለሽ?»

እትዬ እጃቸውን ከውኃው አውጥተው በመቀነታቸው ጠረጉ። በሩ ላይ ቆሙ። «አንተ ሰው፣ ቀልድ አይደለም። አባቴ ቤት ሴት ቢላዋ አታነሣም ነበር።»

«አባትሽ ቤት ውኃ መሬት አይሆንም ነበር። እጄ እምቢ አለኝ አበበች። ወይ እሷ ትባርካት፣ ወይ በክት ትሁን። አንቺ ብትሆኚ የቱን ታደርጊ ነበር?»

«የነፍስ አባትህን ትጠይቃለህ።»

«እጠይቃለሁ። ዛሬ ግን ልብላ።»

«ልብላ» የሚለው ቃል በዚያ ቤት ከተሰማ ስንት ወር እንደሆነው እኔም ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። እትዬ ዞረው ወጥ ቤት ገቡ። «ምን ታያለሽ? ሽንኩርቱን አድቅቂው» አሉኝ። ቅቤውንም ሳይቆጥቡ በማንኪያ ላይ ማንኪያ ጨመሩ።

አንድ ዋኔ ትንሽ ናት፤ ለሦስት ሰው አትሆንም። ለአንድ ሰው ግን ሆነች። ጋሼ መረቁን በሁለት እጃቸው፣ በጥሩውና በደካማው፣ ጎድጓዳውን ሳህን ይዘው ጠጡ። ሥጋውን በልተው አጥንቱን መጠጡ። ማናችንም አላየናቸውም፤ ማለት ሁላችንም ቴሌቪዥኑን የምናይ መስለን እሳቸውን አየን።

ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ብዙ ነገር ነው። በረዶ በጣለ ቀን የማታውቁትን ሜዳ አታቋርጡ። ጠመንጃ ስትመርጡ እጃችሁን ጠይቁ። በተለይ ደግሞ የማስበው ይህን ነው፦ የተኮሰ ሰው ሥራው አላለቀም። ያቺ ነፍስ እስክትወጣ ድረስ ያለው ደቂቃ የእሱ ኃላፊነት ነው፤ ለሌላ የሚሰጠው አይደለም። አሁን ዋኔም ሆነ ጥንቸል ስመታ ሮጬ የምደርሰው እኔ ነኝ። ጋሼ የነፍስ አባታቸውን ጠየቁ። አባም «ልጅቷ ስመ ሥላሴን በትክክል ጠርታለች?» ብቻ አሉ ይባላል።

ሰኞ ሁዳዴ ገባ። እትዬ እንደ ፈሩት ጋሼ ጾሙን አልፈታም አሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መስኮቱ አጠገብ ቆዩ። ከዚያ እትዬ ሽሮ አቀረቡላቸው፤ ከዘይት በቀር ምንም የሌለበት። እትዬም እኔም ሳህኑ የሚገፋበትን ጊዜ እየጠበቅን አጠገባቸው ቆምን። ጋሼ እንጀራውን ከዳር ጀምረው እያጠቀሱ ወደ መሐል ደረሱ፤ ሳህኑን ጠረጉት። ቀና ብለው ሁለታችንንም አዩና፣

«ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?» አሉ። «ትንሽ ጨምሩልኝ እንጂ።»